የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ማዕድና ጾም

ስለ ምግብ በሚጻፈው ጽሑፍ ውስጥ ሰፊውን ቦታ የሚይዘው የሚበላው ነገር ነው፤ ስለሚተወው ነገር ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የሰው ጤና የሚጠበቀው ወይም የሚጐዳው በሚበላው ብቻ ሳይሆን በሚተወውም፣ በሚተውበትም ጊዜና መጠን ነው። ይህንንም ጉዳይ ከመማሪያ መጻሕፍት ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት አጉልቶ የሚያሳይበት ጊዜ አለ። በመስከረም ወር 1909 ዓ.ም. ለአባታቸው ዙፋን ተመርጠው በመጋቢት ወር 1922 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም መካከል ያረፉት የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ምኒልክ ሕይወት እንዲህ ካሉት አንዱ ነው።

ንግሥቲቱ የተትረፈረፈ ማዕድ በሚቀርብበት ቤተ መንግሥት አድገው በጾምና በጸሎት የጸኑ ሴት ነበሩ። የስኳር በሽታም ነበረባቸው። ጠግቦ መብላት የሚቻለው ሰው በፈቃዱ ሲተው፣ ያም ሰው የታመመ ሲሆን፣ ልኩ የት ላይ ነው? ዛሬ በየከተማው ስኳር የያዘን ምግብ ሁሉ ፈጽሞ መተው፣ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ መብላት፣ እህልን አስወግዶ በሥጋና በቅባት ብቻ መኖር እንደ አዲስ ጥበብ በሚነገርበት ዘመን፣ ይህ ጥያቄ ከአንድ ምዕተ ዓመት በፊት በአንዲት ንግሥት ሕይወት ውስጥ እንዴት እንደ ተነሣ መመልከት ለሐኪሙም ሆነ ለታማሚው ይጠቅማል።

የእናት አገር

ንግሥት ዘውዲቱ፣ በክርስትና ስማቸው አስካለ ማርያም፣ በሚያዝያ ወር 1868 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ሲሆኑ፣ እናታቸው ወይዘሮ አብቺው ከወሎ መኳንንት ወገን ነበሩ። ወላጆቻቸው የተለያዩት ልጃቸው ገና ሕፃን ሳሉ በመሆኑ ያደጉት በአባታቸው ቤት ነው።

የምኒልክና የወሎ ግንኙነት ከዚያ የቆየ ነበር። በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ሲመለሱ መጠጊያ የሆኗቸው የወሎዋ ገዥ ወይዘሮ ወርቂት ናቸው። ከዚያም በ1860ዎቹ ዓመታት ሸዋ ወደ ሰሜን ኃይሉን ሲያሰፋ፣ ወረኢሉ በወሎ ምድር የምኒልክ ዋነኛ የጦር ሰፈር ሆነች። ለዐድዋ ዘመቻ በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ የታወጀው የክተት አዋጅም የሸዋን ሠራዊት መገናኛ ያደረገው ይህችኑ ወረኢሉን ነበር። በዚያ ሜዳ የተሰበሰበው ወታደር የያዘው ስንቅ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ነበር። የዘመቻ ስንቅ በባሕርዩ የተመጠነ ነው፤ ቢበዛ ጀርባ ይሰብራል፣ ቢያንስ ከመንገድ ያስቀራል።

ከወረኢሉ ወደ ምዕራብ በለጋምቦ በኩል እስከ ቦረናና መካነ ሰላም፣ ከዚያም እስከ ዐባይ ሸለቆ አፋፍ ድረስ የተዘረጋው ምድር የገብስ፣ የስንዴ፣ የባቄላና የምስር አገር ነው፤ ወደ ቆላው ሲወረድ ማሽላና ጤፍ ይተካል። ሕዝቡም ክርስቲያኑና እስላሙ ጎን ለጎን የሚኖር፣ አንዱ ሁዳዴን ሌላው ረመዳንን የሚጾም፣ በጾም ጊዜም የጎረቤቱን ሰዓት አክብሮ የሚያድር ነው። በዚህ አገር መጾም እንግዳ ነገር ሆኖ አያውቅም። ነገር ግን ዝናብ በቀረበት ዓመት ጾምና ረኃብ እንዴት እንደሚለያዩ ይህን አገር ያህል የሚያውቅ የለም። በ1966 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው እልቂት ለዚህ ምስክር ነው። ጾም ጎተራው ሳይጎድል በፈቃድ የሚደረግ ነው፤ ረኃብ ግን ፈቃድ አይጠይቅም።

ልጅ ሙሽራና ክፉ ቀን

በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት ንጉሥ ምኒልክ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ባደረጉ ጊዜ፣ አፄ ዮሐንስ ሁለቱ ንጉሦች ያለ ፈቃዳቸው በመዋጋታቸው ተቈጥተው ወሎን ከምኒልክ እጅ ወሰዱ፤ ለልጃቸው ለራስ አርአያ ሥላሴም ሰጡ። ዕርቁን ለማጽናትም የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳሩ። ይህም የሆነው በ1875 ዓ.ም. ሲሆን ሙሽራዪቱ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። በዚህ ሁኔታ የእናታቸው አገር ወሎ ከአባታቸው እጅ ወጥቶ ወደ ባላቸው እጅ ገባ።

ጋብቻው ግን አልቆየም። በ1880 ዓ.ም. ራስ አርአያ ሥላሴ በፈንጣጣ በሽታ ሞቱ፤ ዘውዲቱም በ12 ዓመት ዕድሜያቸው ገደማ መበለት ሆነው ወደ አባታቸው ቤት ተመለሱ። የተመለሱበትም ዘመን ክፉ ቀን እየተባለ የሚጠራው ታላቅ ረኃብ የጀመረበት ነበር። ከውጭ የገባው የከብት በሽታ የአገሪቱን ከብት ፈጀ፤ በሬ በመጥፋቱ ማሳው ጦሙን አደረ፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመረበት። ረኃቡ እስከ 1885 ዓ.ም. ድረስ ሰውን እንደ ቅጠል አረገፈ። አፄ ምኒልክም በሬ ያጣው ገበሬ በእጁ ቆፍሮ እንዲዘራ ለማበረታታት ራሳቸው መቆፈሪያ አንሥተው መሬት ቆፈሩ። ንግሥት ዘውዲቱ ከልጅነት ወደ ወጣትነት የተሸጋገሩት ይህን ሁሉ እያዩ ነው።

ከዚያም በኋላ የቤታቸው ኑሮ በኀዘን የተሞላ ነበር። ሁለት አጭር ጋብቻዎች ፈረሱ፤ የወለዷቸውም ልጆች በሕፃንነታቸው ሞቱ። በመጨረሻም በ1892 ዓ.ም. አካባቢ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ የሆኑትን ራስ ጉግሣ ወሌን አገቡ። ራስ ጉግሣ የቤተ ክህነት ትምህርት ወዳጅና መጽሐፍ አዋቂ ስለ ነበሩ ባልና ሚስቱ በመንፈሳዊ ኑሮ ተስማምተው ኖሩ።

ማዕዱና ጾሙ

የዚያ ዘመን ቤተ መንግሥት አመጋገብ በሁለት ጫፎች መካከል የሚመላለስ ነበር። በፍስክ ጊዜ በግብር አዳራሽ በሺህ የሚቈጠር ሰው ይጋበዛል፤ ጥሬ ሥጋ በየተራው ይዞራል፤ ጠጅ በብርሌ ይቀዳል። ጥሬ ሥጋው የሚያመጣውን የኮሶ ትል ለማውጣትም መኳንንቱ በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ጠጥተው ይውላሉ። ጾም ሲገባ ደግሞ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ፈጽሞ ይቀራል፤ እህልና ውሃ እስከ ቀትር፣ አጥብቆ ለሚጾመውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም ከዚያም በላይ አይቀመስም።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰባት አጽዋማት ያሏት መሆኑ የታወቀ ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ 55 ቀን የሚፈጀውን ዐቢይ ጾም፣ ጾመ ነቢያትን፣ ጾመ ሐዋርያትን፣ ፍልሰታንና ነነዌን ጨምሮ አጥብቆ የሚጾም ሰው በዓመት እስከ 250 ቀን ድረስ ይጾማል። ከዓመቱ ከግማሽ የሚበልጠው የጾም ቀን ስለሆነ፣ ይህን እንደ አንድ ወቅታዊ ልማድ ሳይሆን እንደ አንድ የአመጋገብ ሥርዓት መቍጠር ተገቢ ነው።

በጤና ዐይን ሲታይ ይህ ሥርዓት ብዙ መልካም ነገር አለው። እንጀራ ከሽሮ፣ ከምስር ወይም ከባቄላ ጋር ሲበላ እህሉ የጎደለውን የገንቢ ንጥረ ነገር ክፍል ጥራጥሬው ይሞላለታል። ጎመን፣ ተልባ፣ ኑግና ሱፍ ቪታሚንና ደኅና ቅባት ይሰጣሉ። የእንስሳ ቅባት መቅረቱ ለልብና ለደም ሥር ዕረፍት ነው። ከዚህም በላይ ጾም ሰውን ከሆዱ በላይ ያውለዋል። ስለዚህ በዚህ የሚነሣው ጥያቄ ጾም ይጠቅማል ወይስ ይጐዳል የሚል አይደለም፤ ለማን፣ መቼና እስከ ምን ድረስ የሚል ነው።

ይህንንም ጥያቄ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ሳትመልሰው አልቀረችም። በሐዋርያት ስም የሚጠራው ሥርዓት ዐቢይ ጾምን ሲደነግግ በሥጋ ድካም የተከለከለውን ሰው ከግዴታው ነጻ ያደርገዋል። የእስልምናም ሕግ እንዲሁ በረመዳን የታመመውንና መንገደኛውን በሌላ ቀን እንዲያካክስ ይፈቅድለታል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ልክን የሠሩት ሕክምና ስለ ስኳር በሽታ ጥቂት ብቻ ያውቅ በነበረበት ዘመን ነው።

ዙፋንና ብቸኝነት

አፄ ምኒልክ በታኅሣሥ ወር 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ሥልጣኑን የያዙት የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ነበሩ። ኢያሱ የወሎው ራስ፣ በኋላም ንጉሥ፣ የሚካኤልና የዘውዲቱ እኅት የወይዘሮ ሸዋረገድ ልጅ ናቸው። በኢያሱ ዘመን ዘውዲቱ ከከተማ ርቀው በፋሌ ተቀመጡ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ኢያሱን ከሥልጣን አውርደው ዘውዲቱን ንግሥተ ነገሥታት፣ ራስ ተፈሪ መኰንንን ደግሞ አልጋ ወራሽና እንደራሴ አደረጉ።

ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን ዙፋን ለማስመለስ የወሎን ሠራዊት አስከትለው ወደ ሸዋ ዘመቱ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ሜዳ ድል ሆነው ተማረኩ። በዚያ ቀን የወደቀው ሕዝብ ከሁለቱም ወገን እጅግ ብዙ ነበር። የእናታቸው አገር ሰው ከአባታቸው አገር ሰው ጋር ተራርዶ የተገኘው ዙፋን ለንግሥቲቱ ያለ ኀዘን የተገኘ ሊሆን አይችልም። የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ማቴዎስ እጅ ዘውድ ጫኑ። ዙፋኑ ሌላም ዋጋ ነበረው። መኳንንቱ የንግሥቲቱ ባል ሥልጣን እንዳይዝ ስለ ፈለጉ ራስ ጉግሣ ከሚስታቸው ተለይተው ወደ በጌምድር ግዛት ተላኩ።

በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገብቶ ሕዝቡን ፈጀ፤ አልጋ ወራሹም ታመው ከሞት አፋፍ ተመለሱ። የኅዳር በሽታ ተብሎ የሚታወሰው ይህ መቅሠፍት በአገሪቱ የነበረው ሕክምና ምን ያህል ጥቂት እንደ ነበረ ገልጦ አሳየ። በአባታቸው ስም የተጠራው ሆስፒታል ቢኖርም የሐኪሙ ቍጥር ከሕዝቡ ጋር ሲተያይ ከምንም አይቈጠርም ነበር።

ከዓመት ወደ ዓመት የመንግሥቱ ሥራ በአልጋ ወራሹ እጅ እየበዛ ሄደ። አቡነ ማቴዎስና የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በ1919 ዓ.ም. በአንድ ሰሞን ሲሞቱ ንግሥቲቱ ዋነኛ ደጋፊዎቻቸውን አጡ። መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. አልጋ ወራሹ የንጉሥነት ማዕርግ ተቀበሉ። ንግሥቲቱም ከዓለማዊው ሥራ እየራቁ ይበልጡን ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ጸሎትና ወደ ጾም አዘነበሉ። ለአባታቸው ዐፅም ማረፊያ ያሠሩት የታዕካ ነገሥት በአታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ዛሬም የዚህ መንፈሳዊነታቸው ምልክት ሆኖ ይታያል።

በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም

ንግሥቲቱ በዙፋን ላይ በነበሩባቸው ዓመታት ስለ ስኳር በሽታ ያለው ዕውቀት ከሥር መሠረቱ ተለወጠ። ከዚያ በፊት በአውሮፓና በአሜሪካ እጅግ የታወቀው ሕክምና ማስራብ ነበር። በኒው ዮርክ የሮክፌለር ተቋም ሐኪም ፍሬድሪክ አለን የስኳር በሽተኛን ምግብ በመከልከልና ከዚያም በጥቂት መቶ ካሎሪ ብቻ በማኖር ዕድሜውን ለማራዘም ይሞክሩ ነበር። ዘዴው በሽንት የሚወጣውን ስኳር ይቀንስ ነበር፤ አንዳንዱንም ታማሚ ለወራት ወይም ለዓመታት አቆየ፤ ዋጋው ግን ታማሚው ወደ ዐፅምነት መለወጡ ነበር። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ልጅ ኤልሳቤጥ ሂውዝ በዚህ አመጋገብ ቆይታ በ15 ዓመቷ ክብደቷ ወደ 20 ኪሎ ወርዶ ነበር።

በጥር ወር 1914 ዓ.ም. በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተሰጠ። ከቆሽት የሚወጣውን ይህን ንጥረ ነገር ያገኙት ባንቲንግ፣ ቤስት፣ ኮሊፕና ማክላውድ ናቸው። ኤልሳቤጥ ሂውዝም በዚያው ዓመት ኢንሱሊን አግኝታ ከሞት ተርፋ እስከ 73 ዓመቷ ኖረች። ይህች ሴት የዳነችው ምግብ በመተው ሳይሆን የጎደላት ነገር ስለ ተሰጣትና ልክ ያለው ምግብ መብላት ስለ ቻለች ነው።

ዛሬ አዲስ ግኝት እየመሰሉ የሚቀርቡት አመጋገቦችም የዚያ ዘመን ውጤቶች ናቸው። እህልንና ስኳርን ትቶ ክብደት መቀነስን ሕዝብ እንዲያውቀው ያደረገው ዊልያም ባንቲንግ የተባለ የለንደን የቀብር ሥራ አስፈጻሚ ሲሆን ይህን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1863 ነው። ኬቶ የሚባለው ቅባት የበዛበትና እህል የራቀው አመጋገብ ስም የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1921 በአሜሪካ በሜዮ ክሊኒክ ነው፤ የታሰበውም ለውፍረት ሳይሆን ለሚጥል በሽታ ነበር። ለአንድ በሽታ በሐኪም ቍጥጥር የታዘዘ ነገር ከቦታው ወጥቶ ለሁሉም ሰው እንደ ፋሽን ሲታደል ችግር ይፈጠራል።

የመጨረሻው ሁዳዴ

በ1922 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 17 ቀን ሰኞ ነበር። በዚያው ሰሞን ራስ ጉግሣ ወሌ በበጌምድር በማዕከላዊው መንግሥት ላይ ተነሥተው ነበር። ንግሥቲቱ ከባላቸው ከተለያዩ ከ13 ዓመት በኋላ በስማቸው የሚመራው መንግሥት በባላቸው ላይ ጦር አዘመተ። መጋቢት 22 ቀን በአንቺም ጦርነት ሆነ፤ አይሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ጦርነት ላይ የዋለበት ይህ ውጊያ በራስ ጉግሣ ሞት ተፈጸመ። ንግሥቲቱም ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 24 ቀን ረቡዕ፣ ጾሙ በገባ በ38ኛው ቀን አረፉ። ዕድሜያቸው 54 ሊሞላ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር።

ስለ ሞታቸው የተነገረው ብዙ ነው። አንዳንዱ የባላቸውን መርዶ ሰምተው በድንጋጤ ሞቱ ይላል፤ ሌላው ግን የጦርነቱን ውጤት ሳይሰሙ እንዳረፉ ይናገራል። መርዝ ተሰጥቷቸዋል የሚልም አልጠፋም። በከተማው የነበሩ የውጭ አገር ዲፕሎማቶች በበኩላቸው ትኩሳት ይዟቸው ሳለ ለፈውስ ተብሎ በቀዘቀዘ ጠበል ውስጥ እንደ ተነከሩና ሰውነታቸው ያንን እንዳልቻለ ጽፈዋል። በእነዚህ ሁሉ መካከል የጸናው ነገር የስኳር በሽታ የነበረባቸው መሆኑ፣ በተስቦ መሰል ከባድ ትኩሳት ታመው መተኛታቸውና ጊዜውም የዐቢይ ጾም መሆኑ ነው።

ሐኪም ይህን ሲመለከት ለአንዱ ምክንያት ብቻ ፍርድ መስጠት አይገባውም፤ ነገር ግን እነዚህ ነገሮች በአንድ ሰውነት ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሠሩ ያውቃል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ትኩሳት ሲይዘው ሰውነቱ የሚያመነጫቸው የጭንቀት ሆርሞኖች ኢንሱሊንን ይቃወማሉ፤ ምንም ሳይበላ እንኳ የደሙ ስኳር ከፍ ይላል። ስኳሩ በሽንት ሲወጣ ውሃን አስከትሎ ይሄዳል፤ ትኩሳቱም በላብ ውሃ ያስወጣል። እህልና ውሃ ሳይቀምስ የሚውል ሰው ይህን ጉድለት አይተካም። ኢንሱሊን ሲያንስ ሰውነት ቅባትን እያቃጠለ አሲድ ያጠራቅማል፤ ደም ይወፍራል፣ ኩላሊት ይደክማል፣ ልብ ይዝላል። እንዲህ ባለው ሰውነት ላይ ድንገተኛ ብርድ ወይም ድንገተኛ መርዶ ቢጨመር ጤነኛው ሰው የሚችለውን እርሱ አይችለውም።

ስለዚህ ንግሥቲቱን ጾም ገደላቸው ማለት ከማስረጃው በላይ መናገር ነው። የታመመ ሰው ጤነኛው የሚጾመውን ያህል መጾሙ ግን ከሚቃወሙት ኃይሎች ጋር መተባበር ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። የሚያሳዝነውም ሃይማኖታቸው ራሱ በሕመማቸው ጊዜ የዕረፍቱን በር ክፍት አድርጎላቸው የነበረ መሆኑ ነው።

ልኩ

የዛሬው ጥናት ከዚህ ሕይወት የሚገኘውን ትምህርት አያፈርሰውም፤ ያጸናዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 609 ሰዎችን በሁለት ከፍሎ ግማሾቹ ቅባትን፣ ግማሾቹ እህልንና ስኳርን እንዲቀንሱ አድርጎ ለ12 ወር ተከታተላቸው። ቅባት የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ እህል የቀነሱት 6 ኪሎ ቀነሱ፤ ልዩነቱም ከቍጥር የማይገባ ሆነ። በሁለቱም ወገን የተመከረው ግን አንድ ነበር፤ አትክልት ማብዛት፣ የተጨመረ ስኳርንና የፋብሪካ ምግብን መቀነስ። ጠቃሚ የሆነው ይህ የጋራ ምክር ነው፤ የተከለከለው ነገር ዓይነት አይደለም።

ጥብቅ አመጋገብ ሁልጊዜ ከንቱ ነው ማለትም ትክክል አይሆንም። በብሪታንያ በ306 የሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት በቀን ከ850 ካሎሪ በማይበልጥ ምግብ ለ3 እስከ 5 ወር የቆዩት ታማሚዎች ከዓመት በኋላ 46 በመቶ ያህሉ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ተስተካክሎ መገኘቱን አሳይቷል። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች የተመረጡት በሽታው ከ6 ዓመት ያልበለጣቸውና ኢንሱሊን የማይወስዱ ሆነው ነው፤ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒታቸው የተቋረጠውም በባለሙያ ውሳኔ ነው፤ ከጥብቁ ጊዜ በኋላም ደረጃ በደረጃ ወደ ልከኛ ምግብ ተመልሰዋል። ይኸው ነገር ያለ ቍጥጥር በኢንሱሊን በሚኖር ሰው ላይ ቢደረግ የደም ስኳሩ በድንገት ወርዶ ራሱን ሊያስት፣ ኢንሱሊኑን ቢያቋርጥም በአሲድ ሊመረዝ ይችላል።

ልከኛ አመጋገብ የድፍረት ማነስ የሚመስላቸው አሉ። ልከኝነት ግን ራሱን የቻለ ተግሣጽ ነው። የወረኢሉ ገበሬ ገብሱን ሲያካፍል ለዘር፣ ለቀለብና ለገበያ ይመድባል፤ ሁሉን ቢበላ ዘር ያጣል፣ ሁሉን ቢዘራ እስከ መኸር አይደርስም። የሰውነትም አስተዳደር እንዲሁ ነው። እንጀራን ጠላት አድርጎ ከማባረር መጠኑን መቀነስ፣ ከእንጀራው በላይ ወጡን በጥራጥሬና በጎመን ማብዛት፣ ጠጅንና ለስላሳ መጠጥን መቀነስ፣ በእግር መሄድ፤ እነዚህ ለጋዜጣ ርዕስ የማይሆኑ ግን ዓመት ሙሉ ሊጸና የሚችል ሰው የሚያገኝባቸው ነገሮች ናቸው።

በባለሙያው ላይ የሚወድቀው ኃላፊነት ከዚህ ይጀምራል። የስኳር በሽታ ያለበት ጾመኛ ወደ ሐኪም ሲመጣ ጾምህን ተው ብሎ በአንድ ቃል መመለስ ታማሚውን ያርቃል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሳይጠይቅ ይጾማል። ይልቁንም ጾሙ ከመግባቱ በፊት መድኃኒቱን ማስተካከል፣ የደም ስኳር የሚለካበትን ሰዓት መወሰን፣ ጾሙን መግደፍ የሚያስፈልግበትን ምልክት ማስተማር፣ ትኩሳት በያዘው ቀን መጾም ፈጽሞ የማይገባ መሆኑን ማስረዳት፣ አስፈላጊም ሲሆን ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼኩ ጋር መነጋገር ይገባል። የሃይማኖት አባት የሚሰጠው ፈቃድ የታማሚውን ኅሊና ያሳርፋል፤ ይህን ዕረፍት መድኃኒት ብቻውን አይሰጥም።

ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በአባታቸው አጠገብ በበአታ አርፈዋል። በአዲስ አበባ ስማቸውን የተሸከመው ሆስፒታል በመጀመሪያ በሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን የተሠራ ሲሆን በኋላ በደርግ ዘመን ወደ መንግሥት እጅ ገብቷል። ዛሬ በዚያ ሆስፒታል የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች በቀጠሮ እየመጡ ደማቸውን ያስመረምራሉ፣ ኢንሱሊናቸውን ይቀበላሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ሁዳዴ ወይም ረመዳን በመጣ ቍጥር ያንኑ የቆየ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። ንግሥቲቱ በዘመናቸው ያላገኙትን መልስ ለእነዚህ ታማሚዎች ጾሙ ሳይገባ በጊዜው መስጠት ከስማቸው በታች ለሚሠራ ባለሙያ የሚገባ መታሰቢያ ነው።